ኮምፒዩተሬ ያረዳሽ መርዶ

ብሬብሩክ፣ ሜልቦርን
መጋቢት 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ባለቤት፤

ከብሬብሩክ እስከ ዋይንድሃም ቬል አውቶቡስና ባቡር እየተቀባበሉ በሚያደርሱት መንገድ ልክ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ ጠናልሽ ወይ? እንቅልፍስ ታገኛለሽ? ልጅቷ በደንብ ትጠባለች? እንዲህ ያለውን መጠየቅ የባለቤቴ የአስካለማርያም ሥራ ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ በዚህ ቤት የሴቱንም የወንዱንም ጥያቄ የምጠይቅ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ድፍረት አይሁንብኝ። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ይሰንፋል እንጂ ሌላ የምከሰው የለኝም። ያ ሁሉ እሳትና ጭስ የነበረበት በጋም አልፎ አሁን ጠዋት ጠዋት ሹራብ እንለብሳለን።

ጽሑፌን ታግሠሽ አንብቢው። ፊደል የቆጠርኩት ደሴ ከአንድ መሪጌታ ዘንድ ነው፤ ዳዊት ሳልጨርስ ጎሚስታ ቤት ገባሁ፤ ከዚያ ወዲህ እጄ የለመደው ጎማ መፍታትና መጠገን እንጂ ብዕር መያዝ አይደለም። ልጄ ወንድሙ፣ አባዬ አንተ ተናገር እኔ ልጻፍልህ ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩት። ይሄን ነገር ሌላ ሰው ቢጽፍልኝ ጥፋቱንም ሌላ ሰው ያጠፋው ይመስላል። በኮምፒዩተርም አልላክሁልሽም። ከእኔ ዘንድ በኮምፒዩተር የመጣ ነገር ሁለተኛ እንደማትከፍቺ አውቃለሁ፤ ልክ ነሽ።

ትናንት አንድ ወረቀት ሞልቼ ጽፌ ቀደድኩት። ገጹን ሙሉ ባህላችን እንዲህ ነው፣ አባቶቻችን እንዲህ ያደርጉ ነበር እያልኩ ነበር። መልሼ ሳነበው የተከሰሰ ሰው ክርክር መሰለኝ። እኔ ደግሞ ተከራክሬ የምረታው ነገር የለኝም።

ወንድሙ አሁንም ሶፋዬ ላይ ነው የሚያድረው። ከሥራ ሲመጣ ቆሞ ይበላል፤ ከዚያ የልጅቷን ፎቶግራፍ ሞባይሉ ላይ እያየ ይተኛል። እሱን አትቅጪው። ለማንም እንዳይተነፍስ በልጅቷ ራስ ያስማልኩት እኔ ነኝ። ልንገራት ብሎ መጥቶ መለስኩት፤ ደግሞም መጣ፣ ደግሜ መለስኩት። አባቷ ናቸው እኮ አባዬ ሲለኝ፣ አንተ ሚስትህን ጠብቅ፣ መርዶ የእኔ ሥራ ነው አልኩት። ቂሙ ከእኔ ጋር ይሁንና እሱ ወደ ቤቱ ይግባ። የልጅቷ ክርስትና እየደረሰ ነው። በዚያ ቀን ልጄ ከጎንሽ እንዲቆም እለምንሻለሁ። እኔ የት እንደምቆም፣ መምጣቴንም ጭምር፣ አንቺ ነሽ የምትወስኚው።

እንዴት እንደሆነ ከሥሩ ልንገርሽ። የሰማሽው ከሰው አፍ ስለሆነ ተጣሞ ይሆናል።

እንደምታውቂው በዚህ በምዕራብ በኩል ያለ የአገራችን ሰው አገር ቤት ዘመድ ሲሞትበት ወሬው የሚላከው ለእኔ ነው። በስልክ አይነግሩትም። የሟቹን ፎቶግራፍ ከነማስታወቂያው በኢሜይል ይልኩልኛል። እኔ ጓደኛዬን ወልዴንና አንድ ሁለት ሽማግሌ ይዤ ጎህ ሲቀድ እሄዳለሁ። የምትይዘው ዘመድ ቀድማ ትገባለች። ምድጃው አለመለኮሱን አያለሁ፤ ሕፃን ካለ ከእቅፍ ይወሰዳል። ከዚያ ባርኔጣዬን አወልቃለሁ። ሞተ የምትለዋን ቃል ከአፌ አውጥቼ አላውቅም። ሰው ባርኔጣዬን ሲያይ ያውቀዋል፤ ሲወድቅ ግን የሚይዘው እጅ በዙሪያው አለ። ስንቱ ነው እዚህ አገር ዶሮ ፋብሪካ ውስጥ ቆሞ በስልክ ሰምቶ ማሽን ላይ የወደቀ። እኔ እያለሁ በዚህ ሰፈር ብቻውን ሆኖ መርዶ የሚረዳ ሰው የለም እያልኩ እኮራ ነበር። አንቺም ሰምተሽኛል፤ በሰው ፊት ብዬዋለሁ።

አባትሽ ነፍሳቸውን ይማርና ያረፉ ጊዜ ወንድምሽ ማስታወቂያውን ላከልኝ። ያ ጥቁር ጠርዝ ያለው፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው የተነሡት። አንቺ ገና አራስ ነበርሽ። ለአራስ አይነገርም፤ ክርስትናው ይለፍ አልኩ። ማንንም አላማከርኩም። ለወልዴ ነገርኩት፣ ወልዴ ለማኅበሩ ነገረ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ቆሜ፣ አራሷን ልትጠይቁ ስትሄዱ ጥቁር እንዳትለብሱ፣ ስትስሟትም እንደወትሮው ሳሟት፣ አታስረዝሙ አልኩ። ሁሉም ታዘዙኝ። ቤትሽ መጥተን ከሁሉም ጋር ስትስቂ አየሁ። ሥራዬ ሠመረ ብዬ ደስ አለኝ፤ ይሄን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል።

ካፖርቱንም አልረሳሁትም። ለአባትሽ የገዛሽላቸውን ይዘሽ መጥተሽ፣ አባባ ሰው ሲሄድ ይላኩልኝ አልሽኝ። ቁመታቸውን በእጅሽ እያሳየሽኝ እጅጌው ይረዝምባቸው ይሆን ብለሽ ጠየቅሽኝ። አይረዝምም አልኩ። ያኔ ተቀብረው ነበር። ተቀብዬሽ፣ መርቄሽ፣ ወስጄ ሰቀልኩት። እስካሁን ቁም ሳጥኔ ውስጥ አለ፤ በሩን በከፈትኩ ቁጥር እጅጌው ቀድሞ ይታየኛል።

አሁን ወደ ኮምፒዩተሩ ልምጣ።

የዚያን የገና ዕለት ታስታውሻለሽ። ሆድሽ ገፍቶ ነበርና ወንበሩን አርቀሽ ተቀምጠሽ ለልጅቷ አልጋ የትኛው ይሻላል እያልሽ ኮምፒዩተሬ ላይ ታዪ ነበር። ያቺ ትንሽ መስኮት ጥግ ላይ ብቅ አለች። አባባ ይሄ ሰነድ ማንበቢያዎ እኮ ይታደስ እያለ ነው፣ አንዴ ልጫንልዎ አልሽኝ። እኔ ምን አልኩ? በቤቴ ያለውን ዕቃ የማዘው እኔ ነኝ፣ ማንነቱን ለማላውቀው ሰው እሺ አልልም። አንቺ ሳቅ ብለሽ፣ ምን ገዶኝ፣ ሌባ ሲገባብዎ እንዳይደውሉልኝ ብለሽ ተነሣሽ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

እውነቱን ልንገርሽ? መስኮቷ የምትለውን ማንበብ አልችልም። የማውቀው የትኛውን ስጫን እንደምትጠፋ ብቻ ነው። አለማወቄ እንዳይታይ አልፈልግም አልኩ፤ አልፈልግም የሚል ሰው የሚያውቅ ይመስላላ። እንዲህ እያልኩ ስንት ጊዜ አባረርኳት።

ከእንግሊዝኛው ሁሉ አይቼ የምለያት አንዲት ቃል አለች፤ ፊውነራል የምትለዋ። ቀብር አስፈጻሚዎቹ ቤት ደጃፍ ላይ ስንቱን ስሸኝ አይቻታለሁ። በዚህ ወር መጀመሪያ ላይ አንድ ኢሜይል መጣ። ስሙ የማላውቀው ፈረንጅ ነው፣ ከላይ ግን ያቺ ቃል አለች፣ ከሥሩም ሰነድ ተንጠልጥሏል። ሌላ ነገር ቢሆን አጠፋው ነበር። መርዶ ይዞ የመጣን ሰው ግን ከየት ነህ ብሎ የሚመልስ ማን አለ? ምናልባት ከቀብር ቤቱ ይሆናል፣ ምናልባት የእኛ ሰው አንዱ ሆስፒታል አርፎ ይሆናል አልኩ። ከፈትኩት። ነጭ ገጽ መጣ፤ ትንሽ ቆይቶ ማንበቢያው ራሱ ተዘጋ። ደገምኩት፤ ተዘጋ። እልኸኛ አይደለሁ? ደጋግሜ ከፈትኩት። ከዚያ ሰልችቶኝ ተውኩት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከምታከምበት ክሊኒክ ስልክ ተደወለ። አስተርጓሚ በመስመሩ አለ። የሞተ ሰው ፎቶግራፍ በስምዎ ደርሶናል፣ እርስዎ ደህና ነዎት ወይ ይላሉ አለኝ። ደህና ነኝ በላቸው አልኩ። አስተርጓሚው የእኛው አገር ሰው ነውና ሥራውን ረስቶ፣ ታዲያ የሞቱት ማን ናቸው ጋሼ? አለኝ። ስልኩን ሳላስቀምጥ ቤት ያከራየኝ የሃውሲንግ መሥሪያ ቤቱ ሰውዬ ደወለ፣ እሱም ኀዘኑን ሊገልጽልኝ። ከዚያ ወልዴ።

"አንተ ሰውዬ፣ መርዶ በጅምላ ጀመርክ እንዴ?" አለኝ።

ሲቀልድ ነበር። ወዲያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የአባቷ ፎቶግራፍ እኮ ነው፣ ምራትህም ዝርዝሩ ውስጥ አለች ወይ ሲለኝ ግን ስልኩን ዘጋሁበት። የልጅቷን ፎቶግራፎች በኢሜይል የላክሽልኝ አንቺ ነሽ። አድራሻሽ አለ።

ደወልኩ፤ አታነሺም። ወንድሙ ጋር ደወልኩ፤ ሥራ ላይ ስልክ ይዞ አይገባም። ባርኔጣዬን ሳላደርግ ወጣሁ። በአውቶቡስ ፉትስክሬይ፣ ከዚያ በባቡር ዌሪቢ፣ ከዚያ ደግሞ ያ የእናንተ አውቶቡስ አልመጣ አለኝ። መንገዱን ሁሉ ምናልባት ተኝታ ይሆናል፣ ምናልባት ኮምፒዩተሩን ዛሬ አልከፈተችውም እያልኩ ነው የሄድኩት። ከአውቶቡሱ ወርጄ መታጠፊያው ላይ ስደርስ ሰማሁሽ። እኔ ያን ለቅሶ አውቀዋለሁ። ሁልጊዜ ግን ቀድሜው እደርስ ነበር።

በር ከፈተሽልኝ። ልጅቷ በትከሻሽ ላይ ናት፤ ከእቅፍሽ የሚቀበልሽ እንኳ ሰው አልነበረም። እደበደባለሁ ብዬ ነበር፤ ብትደበድቢኝ ይሻለኝ ነበር። አንቺ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሽኝ።

"አባባ፣ ስንት ሰው ነው የሚያውቀው?"

ሁሉም አልኩሽ። አንቺም በሩን ቀስ አድርገሽ ዘጋሽው። ልጅቷ እንዳትባንን ነው ቀስ ያደረግሽው፤ ለእኔ ብለሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ቤቴ ተመልሼ ኮምፒዩተሩን ከነገመዱ ነቅዬ የቆሻሻ መኪና እንዲወስደው በር ላይ አወጣሁት። ጎረቤቴ እትዬ ኸይሪያ በአጥሩ ላይ አዩኝ። ጋሼ አምደሚካኤል፣ ዕቃው ምን በደለ? አሉኝ። ዕቃው ሳይሆን እኔ ነኝ ብዬ ነገርኳቸው። ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው፤ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው ልጃቸውን ኒስሪንን ጠሩ። የወሎ ሰዎች ናቸው፤ ልጅቷ እዚህ ተምራ ከተማ ውስጥ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሮች ሌባ እንዳይገባባቸው የምትጠብቅ ናት። መጣች፣ ወገቧን ይዛ አየችኝ፣ ከዚያ ኮምፒዩተሩን አንሥታ ወደ ቤት መለሰችው። ጋሼ ይሄን በር ላይ ቢጥሉት ያነሣው ሰው የእርስዎን ደብዳቤ ሁሉ ወሰደ ማለት ነው እኮ አለችኝ።

ማንበቢያውን ከፍታ ዕድሜውን አየችና በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለች። ምን አልሽ አልኳት። ሙዚየም ነው ያልኩት አለች።

እሷ እንዳስረዳችኝ ልንገርሽ፤ ያንቺንም ማሽን ስለሚነካ ነው። ሰነዱ ወረቀት ይመስላል እንጂ ወረቀት ብቻ አይደለም፤ በሆዱ ትእዛዝ ሊሸሽግ ይችላል። የማንበቢያው ፕሮግራም ደግሞ ሲሠራ የሆነ ቦታ ላይ ስስ ሆኖ ቀርቷል። ተንኮለኛው ሰነድ ያን ስስ ቦታ ያውቀዋልና ሆን ብሎ እዚያው ላይ ይረግጣል። ማንበቢያው ይወድቃል። እኔ ነጭ ገጽ ያየሁት፣ የተዘጋብኝም ያኔ ነው። እሱ ሲወድቅ የተሸሸገው ትእዛዝ በእሱ ቦታ ይነሣና እኔን መስሎ ያዝዛል።

"እኔን መስሎ?" አልኳት።

"እርስዎን መስሎ። የሚያውቋቸውን ሰዎች አድራሻ ይሰበስባል። ሰው እንዲያምነው ከራስዎ ፋይል አንዱን ያነሣና፣ ተንኮሉን ከውስጡ ሸጉጦ በስምዎ ይልካል። የእርስዎ ፋይል ውስጥ ደግሞ ጋሼ፣ ያለው ሬሳ ብቻ ነው።"

እትዬ ኸይሪያ አንቺ ልጅ አፍሽን ብለው ትከሻዋን መቷት። ተዉአት አልኩ፤ እውነቷን ነው። መድኃኒት የለውም ወይ ብዬ ጠየቅኳት። የሠሩት ሰዎች ቀዳዳውን ባወቁት ጊዜ መጣፊያ ይሠሩለታል፣ ለባለቤቱም በነፃ ይልካሉ አለችኝ። ያቺ ጥግ ላይ ብቅ የምትለዋ መስኮት መጣፊያውን ይዛ የመጣች ነበረች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጎማ ስጠግን የኖርኩ ሰው፣ ጠጋኝ በሬ ድረስ እየመጣ ስመልሰው ከረምኩ። ሌባው ግን በመጣበት ቀን ገባ።

አንድ ነገር ላይ ግን ለእኔ ፈርዳልኛለች። የሚያባብል የውሸት መስኮትም ስላለ ከማያውቁት መስኮት አለመጫንዎ ልክ ነው አለች። ልክ ያልሆነው እዚያ ላይ ማቆሜ ነው። ሰው ራሱ ማንበቢያውን ከፍቶ፣ ከላይ እርዳታ በሚለው ሥር ገብቶ፣ አዲስ መጣፊያ ወጥቷል ወይ ብሎ መጠየቅ አለበት፤ ወይም ከሠሪዎቹ ከራሳቸው ቤት ማምጣት ነው እንጂ ከመንገደኛ መቀበል የለም። እንዲህ ስታስረዳኝ አመሰገንኳት እንጂ አልተደሰትኩም። ግማሽ ልክ የሆነ ሰው ነው ብዙ ጥፋት የሚያጠፋው።

ያንቺን ነገር ደጋግማ አስጠንቅቃኛለችና ስሚኝ። ያን ሰነድ ስለከፈትሽው ኮምፒዩተርሽ ተይዞ ይሆናል። መጀመሪያ የኢንተርኔቱን ገመድ ንቀይው። በእሱ ላይ የባንክም የኢሜይልም ፓስወርድ አትጻፊበት፤ ፓስወርዶችሽን በሌላ ሰው ንጹሕ ኮምፒዩተር ለውጪያቸው። የልጅቷን ፎቶግራፎች ለብቻ አስቀምጦ ማሽኑን ከመሠረቱ ማጠብ ይሻላል፤ የጸረ ቫይረስ ፍተሻ ብቻውን አያስተማምንም አለች። ከዚያ አዲሱን ማንበቢያ ከሠሪዎቹ አምጥቶ መጫን፣ መጣፊያ በወጣ ቁጥር ራሱ እንዲቀበል ማድረግ፣ ከቅንብሩ ውስጥም ሰነድ በራሱ ትእዛዝ እንዲሠራ የሚፈቅደውን ምልክት ማጥፋት። የእኔን እንዲህ ነው ያደረገችው። ለማንበብ ምንም አይጎድልበትም። ብትፈቅጂ ቅዳሜ እሷው መጥታ ትሠራልሻለች፤ እኔ አብሬያት አልመጣም።

የእኔን ሠርታ ስትጨርስ፣ ለብቻ ያስቀመጠቻቸውን አሮጌ ሰነዶች አንድ በአንድ እየፈተሸች መመለስ ጀመረች። መሃል ላይ ቆመችና ይቺን ከፍተዋት ያውቃሉ? አለችኝ። የወንድምሽ ስም አለባት። አስታወስኩ። ከገና በኋላ፣ አንቺ ሳትወልጂ የመጣች ናት። ልከፍታት ስል ማንበቢያው በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጽፎ እምቢ አለኝ። የተበላሸች መስሎኝ ተውኳት። ወይ አንቺን፣ ወይ ወንድሙን ክፈቱልኝ ልል ይገባኝ ነበር። ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በቤቴ የማዘው እኔ ነኝ ካልኩ ሳምንት አልሞላኝም ነበር። ኒስሪን እንደምትለው ሰነዷ በአዲስ ፕሮግራም የተሠራች ስለሆነች በእኔ አሮጌ ማንበቢያ ልትከፈት አትችልም ነበር። መስኮቷን አንዴ እሺ ብላት ትከፈት ነበር።

አሁን ተከፈተች። በእጅ የተጻፈ ወረቀት በፎቶግራፍ ተነሥቶ ነው። ጥቂት መስመር ነው፤ እየተንቀጠቀጠ የተጻፈ። ከሥሩ የስልክ ቁጥርና የሆስፒታል አልጋ ቁጥር አለ። ቀኑ ከላይ ተጽፏል፤ አባትሽ ገና በሕይወት ሳሉ ነው።

ኒስሪን እዚህ ያደገች ስለሆነች የእጅ ጽሑፍ አማርኛ ማንበብ አትችልም። ፊቴን አይታ፣ ምን ይላል ጋሼ? አለችኝ። ቀጥላም፣ ካልፈለጓት ላጥፋት? አንዴ መጫን ነው፣ ማንም አያውቅም አለችኝ። በደግነት ነው ያለችው። እኔ ምን ያህል ጊዜ ዝም እንዳልኩ አላውቅም። ይሄን መደበቅ አልፈልግም፤ ዝም ብያለሁ። ከዚያ አትሚልኝ አልኳት።

ለወንድምሽ ደወልኩለት። ሰነዱ ደርሶኝ እንዳልተከፈተልኝ፣ እስከዚህ ሳምንት ድረስ ምን እንደሚል እንዳላየሁ ነገርኩት። ከዚያ እንዲህ አለኝ።

"እኛ እኮ እርስዎ አስበውበት የተዉት መስሎን ነበር። እርስዎን አልፈን ለእሷ መደወል ነውር መስሎን ነው።"

አልተሳደበም። ደህና ይሁኑ ብሎ ዘጋ።

ወረቀቱ ከዚህ ደብዳቤ ሥር በሌላ ፖስታ ታሽጎ አለ። ምን እንደሚል አልጽፍልሽም። የአባትሽን ቃል በእኔ አፍ ልትሰሚ አይገባሽም፤ እጃቸውን አንቺ ታውቂዋለሽ። ይሄን በላክሁልሽ ጊዜ ምን እንደማጣ ገብቶኝ ነው የላክሁት። እስከዛሬ በእኔ የተቀየምሽው፣ ሰው ሁሉ እያወቀ ከአንቺ ስለደበቅኩ ነው፤ ያ ምናልባት አንድ ቀን ይበርድ ነበር። ይሄኛው ይበርዳል ብዬ ተስፋ አላደርግም። ግን አንድ ነገር ደግሜ እኔ ለአንቺ ስል ብዬ አልወስንልሽም። ክርስትናው ላይ አይምጡ ብትዪኝ አልመጣም፤ ማንንም አማላጅ አልክም፣ ወንድሙንም አላስለምንም።

ደብዳቤውን ያመጡልሽ እትዬ ኸይሪያ ናቸው። ውስጡ ያለውን አያውቁም፤ አንብባ እስክትጨርስ አጠገቧ ተቀመጡልኝ፣ እሷ ሂዱ ብትል እንኳ አትሂዱ ብያቸዋለሁ። ልጅቷን ስጫቸውና ፖስታውን ከዚያ ክፈቺው።

ጡትሽ ወተት አይንጠፍበት። ልጅሽ በእጅሽ ትደግ፤ አድጋም ፈልጋሽ ድምፅሽን የማታጣ ያድርጋት። የአባትሽን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልሽ። ቤትሽን ሰው አይለየው። የሚቀየምሽ ሰው እንደ እኔ ያለ እልኸኛ አይሁን።

የልጅሽ አያት፣
አንቺ ከፈቀድሽ